«አልሞከርሁትም» ስለሚለው ቃል

ሰው የሚያውቀውን ጉድለት ደብቆ ቢሸጥ አታላይ መባሉን ሁሉም ይስማማበታል። ነገር ግን ሊያውቀው ይችል የነበረውን ነገር «ባላውቀው ይሻለኛል» ብሎ ትቶ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ከሱቅ ተነሥቶ እስከ ሹም ጠረጴዛና እስከ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ከትንሽ ዕቃ እንጀምር።

አራዳ ከጥንት ጀምሮ የሻጭና የገዢ መገናኛ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ወደ አዲስ ከተማ እስኪያዛውሩት ድረስ ታላቁ ገበያ የሚቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ሆኖ ትርጓሜው አደባባይ ነው። ቢስክሌትም በአገራችን የቆየ ክብር አለው፤ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልበርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን ቢስክሌት ዛሬ የያዘ ሰው እንደ ቅርስ ይንከባከበዋል፤ መብራቱንም በዘመኑ ዕቃ ሊያሟላለት ይመኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የቢስክሌት መንገድ ስለ ተሠራ ደግሞ ቢስክሌቱን ከግቢ ሊያወጣው ያስባል።

እንግዲህ በአራዳ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። በመደርደሪያው ላይ ከጎማ ጋር እየተሽከረከረ ብርሃን የሚሰጥ አሮጌ ዲናሞ ተቀምጦአል። ገዢው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው «ጌታዬ፣ አልሞከርሁትም» ይለዋል። የተናገረው ቃል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ዲናሞ መሞከር ምን ያህል ድካም አለው? እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ 6 ቮልትና 3 ዋት ነው፤ አንድ አምፑል በሽቦ አያይዞ ራሱን ከሚዞር ጎማ ጋር ማስነካት ይበቃል። ነጋዴው ይህን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ለምን ተወው? ሞክሮት ባይበራ፣ ወይ «አይሠራም» ብሎ በርካሽ መሸጥ ወይ መዋሸት ግድ ሊሆንበት ነው። ሳይሞክረው ቢቀር ግን አንድም ውሸት ሳይናገር የገዢውን ተስፋ ዋጋ ይቀበላል። ስለዚህ አለማወቁ ራሱ ሸቀጥ ሆኖአል፤ ከዲናሞው ጋር አብሮ ይሸጠዋል።

ሆኖም «አልሞከርሁትም» ያለውን ሁሉ አታላይ ብሎ መፍረድ አይገባም። ስተርሜይ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ይሠራው የነበረ፣ በመንኰራኩሩ መካከል የሚገጠም ዲናሞ አለ። የዚህን ዲናሞ ማግኔት ማገጃ ብረት ሳያደርጉ ከሽቦው ጥቅል ቢለዩት ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ውስጡን ልይ ብሎ የፈታ ሰው ደኅናውን ዕቃ ያበላሻል። «አዙሬ አይቼዋለሁ፤ እንዳይበላሽ ግን አልፈታሁትም» የሚል ሻጭ ያደረገውን፣ የተወውንና የተወበትን ምክንያት ነገረን። የታማኝ ሰው አለማወቅ እንዲህ ድንበሩን ያሳያል፤ የመጀመሪያው ነጋዴ ግን ምክንያቱን ሊነግረን አይችልም፤ ቢነግረን ያፍራልና።

ይህ ክርክር ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አቅርቦአል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ይዞ ይደርሳል፤ ሌሎች መርከቦችም ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል፤ ይህን ለገዢዎቹ ሊነግራቸው ይገባዋልን? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ሕግ ከሚያዘው በላይ መናገር ግዴታ የለበትም ሲል፣ አንቲጳጥሮስ የሰው ልጅ አንዱ ለሌላው ወገን ስለሆነ መናገር ይገባዋል አለ። ሲሴሮም ስለ ጥቅም ብሎ የሚያውቁትን መሰወር የቅን ሰው ሥራ አይደለም ሲል ፈረደ። የእኛ ነጋዴ ግን ከዚያኛው ይብሳል፤ ከገዢው የሚሰውረው ነገር እንዳይኖረው አስቀድሞ ከራሱ ሰወረው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩ ስለ ዕቃው ጉድለት መድን እንዲሆን ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር ያዘዋል። ሕጉ የማወቅን ሸክም ለሁለቱ አካፈለው ማለት ነው። በእውነትም ገዢው ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 እንደ ተነገረው፣ ዕቃውን ሲያናንቅ ቆይቶ ከገዛው በኋላ የሚመካ ገዢ አለ። ዲናሞው ደኅና መሆኑን በዓይኑ ለይቶ ሳለ «ያልተሞከረ ዕቃ ነው» እያለ ዋጋ የሚሰብር ሰው፣ የሻጩን አለማወቅ ዘረፈ እንጂ አልገዛም።

ከሁለቱም ይልቅ የሚጎዳው ግን በዋጋው ክርክር ያልነበረው ሰው ነው። አሮጌው የሽቦ ልባስ ተሰነጣጥቆ መብራቱ ድንገት ሊጠፋ ይችላል፤ የኋላው አምፑል ቢቃጠልም የፊተኛው ኃይሉን ሁሉ ብቻውን ስለሚቀበል ሊከተለው ይችላል። ይህ የሆነው በምሽት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሀር በሚወርደው በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ቢሆን፣ መንገድ የምታቋርጠው እናት «አልሞከርሁትም» የሚለውን ቃል ማን ነግሮአት ነበር?

ይህን ቃል የሚናገረው ባለሱቅ ብቻ አይደለም። መዝገቡን ሳያነብ የሚፈርም ሹም፣ በኋላ «አላየሁትም» ለማለት እንዲመቸው ነው። ተማሪዎቹ መረዳታቸውን ሳይጠይቅ ትምህርቱን የሚያልፍ መምህርም፣ ዳግመኛ የማስተማርን ድካም ሸሽቶ ነው። አንባቢ ሆይ፣ አለማወቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሁላችንም ብዙውን ነገር ሳናውቅ እንኖራለን። ነገር ግን «አላውቅም» ከማለታችን በፊት «ማወቅ እችል ነበርን? የተውሁትስ ስለ ምን ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱን ለገዢው፣ ለባለጉዳዩና ለተማሪው በግልጽ መንገር የምንችል ከሆነ አለማወቃችን ንጹሕ ነው፤ የምናፍርበት ከሆነ ግን አምፑሉን አምጥተን ጎማውን እናዙር።