የአደራ ሰጪው ዕዳ

አደራ በኢትዮጵያውያን የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባዩ ወገን ይታያል፤ አደራ በላ ተብሎ የሚወገዘው ተቀባዩ ነው፣ ታማኝነቱ የሚመዘነውም የእርሱ ነው፣ ሰጪው ግን ዕቃውን ካስረከበ በኋላ ከነገሩ እንደወጣ ይቆጠራል። ይሁንና የተሰጠው ዕቃ በውስጡ አደጋ ያዘለ ሲሆን፣ አደጋውንም የሚያውቀው ሰጪው ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ሰጪው ለተቀባዩ ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ረቂቅ ይምሰል እንጂ ከጥርባ፣ ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ አንድ አሮጌ የሞተር ሳይክል የነዳጅ ታንከር፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት፣ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ በተላከ ቁጥር ይነሣል፤ መለዋወጫው መመረት ላቆመ ሞተር ደግሞ ያገለገለ ሰልባትዮ ከሌላ ከተማ ከማስመጣት በቀር ሌላ አማራጭ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ቤንዚኑ የተገለበጠለት ሰልባትዮ ለዓይን ባዶ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ብርድ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ተን የሚያወጣ ፈሳሽ ነው፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ በኖ አይጠፋም፣ ታች ተኝቶ ይቆያል። የሚቀጣጠለውም ከአየሩ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲይዝ ነው፤ በሞላ ታንከር ውስጥ ተኑ ከዚህ መጠን አልፎ ስለሚወፍር ለመንደድ የሚበቃ አየር አያገኝም፣ ጥቂት ጠብታ በቀረበት ታንከር ውስጥ ግን ሁለቱ በአደገኛው መጠን ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ስለዚህ ባዶ የተባለው ከሞላው ይልቅ ሊያስፈራ ይገባል፤ ያልታጠበ ሰልባትዮ ለመበየድ እሺ የማይል በያጅም የሚፈራው ይህንኑ ነው። በአሮጌ ሰልባትዮ ላይ ዝገቱ ቤንዚን መጥጦ ያስቀራል፣ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የተበየደው ቦታ ያፈስሳል፤ ከእንጅባራ ደጋ የተነሣው ዕቃ የዓባይን በረሃ ሲያቋርጥ ደግሞ ሙቀቱ የቀረውን ጠብታ ወደ ተን ይለውጠዋል።

ሰጪው ይህን ማስቀረት ይችላል፤ ቤንዚኑን አንጠፍጥፎ፣ ክዳኑንና የነዳጅ መክፈቻውን ነቅሎ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ፣ ከእሳት ርቆ በነፋሻ ቦታ አፉን ከፍቶ ለቀናት ማድረቅ፣ ከዚያም እንዳይጨራመትና እንዳይፋተግ ጠቅልሎ ማሸግ። ፖስታ ቤቶች የሚቀጣጠል ነገር በደብዳቤና በጥቅል ውስጥ እንዲላክ አይፈቅዱም፣ የአየር ጭነት ደንብም ያልጸዳን የነዳጅ ታንከር ከአደገኛ ዕቃ ይቆጥረዋል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ ከእጅ ሥራው የሚከብደው ግን በውስጡ ምን እንደነበረና እንዴት እንደጸዳ ለጫኙ መናገር ነው፣ ምክንያቱም የተናገረ ሰው ዕቃው ተመላሽ ሊሆንበት ወይም ክፍያው ሊጨምርበት ይችላል። ዝምታ እዚህ ላይ ገንዘብ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበው ግን በሌላ ሰው ሥጋት ነው።

በግንቦት 1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቫሉጀት አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 592 አውሮፕላን ተቃጥሎ በፍሎሪዳ ረግረግ ሲወድቅ የ110 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። በዕቃ ክፍሉ የተጫኑት አሮጌ የኦክስጅን ማመንጫዎች፣ ማለትም ለመንገደኞች መተንፈሻ ኦክስጅን በኬሚካል አማካይነት የሚያመነጩና ሲሠሩ እጅግ የሚግሉ ቆርቆሮዎች፣ በጭነት ወረቀቱ ላይ ባዶ ተብለው ተመዝግበው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ገና ጥቅም ላይ ያልዋሉ ነበሩ። የነቀላቸው፣ ያሸጋቸው፣ ወረቀቱን የሞላውና የተረከበው የተለያዩ ሰዎች ስለነበሩ እያንዳንዱ ከፊቱ የነበረውን አምኖ አሳለፈ። አደራ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዕቃው ደረሰ፣ ዕውቀቱ ግን በመንገድ ላይ ቀረ።

የሃይማኖት ሕጎች ይህን ጉዳይ በሌላ መልክ ያውቁታል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 መሠረት ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ቢገባበት ይከፍላል፤ የአደራ ዕቃ ድንጋጌ የሚገኘውም በተከታዩ ምዕራፍ ነው። ፍትሐ ነገሥትም አደራን ራሱን በቻለ አንቀጽ ያያል፣ እስልምናም አማናን ለባለቤቱ መመለስን ያዝዛል። ሁለቱን የኦሪት ድንጋጌዎች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ያልታጠበ ሰልባትዮ በሁለቱም ውስጥ እንደሚወድቅ ያስተውላል፤ በአደራ የተሰጠ ክፍት ጉድጓድ ነውና፣ ልዩነቱ ጉድጓዱ ተሸክመውት የሚሄዱት መሆኑ ብቻ ነው።

እውነተኛው ክርክር የሚጀምረው ባላወቀው ሰጪ ላይ ነው። ያው የኦሪት ምዕራፍ ተዋጊ በሬ ሰው ሲገድል፣ አመሉ አስቀድሞ የተነገረውን ባለቤት ካልተነገረው ለይቶ ይፈርዳል፤ በደሉ ያለው በዕውቀቱ ላይ ነው። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ግን ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለን ሰው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ኦሪት የሚመዝነው ሕሊናን ነው፣ ዘመናዊው ሕግ ጉዳቱን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ያተኩራል፤ ሁለቱን እንደ ተቃራኒ ማየት ግን አያስፈልግም፣ ምክንያቱም የቤንዚን ሽታ እየሸተተው ያልጠየቀ ሰው አላወቅሁም ቢል ካልተነገረው ባለቤት ጋር እኩል ሊቆም አይችልም።

ሰጪው ቢናገርና የአውቶቡሱ ረዳት ተጨማሪ ሒሳብ ተቀብሎ ቢጭንስ? በሁለቱ መካከል ስምምነት አለ፣ አደራውም ሙሉ ይመስላል። ነገር ግን አደጋው የሚደርሰው ከፖርቶ መጋላው በታች ለተቀመጡት መንገደኞችም ስለሆነና እነርሱ ስላልተጠየቁ፣ የሁለቱ ስምምነት የሦስተኛውን ወገን ሕይወት ሊያካትት አይችልም፤ በደንብ ያልጸዳ ሰልባትዮ ቢነገርለትም ባይነገርለትም ሕዝብ በሚሳፈርበት አውቶቡስ ላይ ሊጫን የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።