ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም

ልጄ፣ ትናንት በስልክ ያጫወትሽኝን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ልጅሽ በሁዳዴ «ጾመኛ ነኝ» እያለች ከገበታ ስትሸሽ «መንፈሳዊ ልጅ ወጣችልኝ» ብለሽ ደስ ብሎሽ ነበር። አልፈርድብሽም፤ የእኛ ሰው ጾመኛ ልጅ ሲያይ ይመርቃል እንጂ አይጠረጥርም። ግን ፋሲካ አለፈ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾሙበት በዓለ ሃምሳ እሷ አልፈታችም። ሁዳዴ 55 ቀኑ ሲሞላ ያበቃል። ማብቂያ የሌለው፣ በሚዛንና በመስታወት የሚጠበቅ ጾም ሕመም ነው፤ ሐኪሞች አኖሬክሲያ ይሉታል።

አባቶቻችን የሚፈሩት ጥጋብን ነበር። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ሲሉ፣ ምግብ በሞላበት ቤት ረሃብን ሙጥኝ የሚል ልጅ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ስለዚህ ዘመድ አንዱ «ቡዳ ነው»፣ ሌላው «ቅብጠት ነው» ቢልሽ አትገረሚ። አትስሚያቸውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶባቸው ነበር። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያገላብጡ ጀመር፤ ነጭናጫ ሆኑ፣ ተከዙ፣ ከሰው ራቁ። ልጅሽም ለታናሽ ወንድሟ ፓስታ ሠርታ እሷ የማትቀምሰው፣ ስትናገሪያት የምትጮኸው ንቃሽ እንዳይመስልሽ። የተራበ አእምሮ በክርክር አይረታም፤ መጀመሪያ መብላት አለበት።

ለንደን ካለው ሞድስሊ ሆስፒታል የተነሣ በቤተሰብ ላይ የቆመ ሕክምና አለ፤ ለወጣቶች ሐኪሞች አስቀድመው ከሚመክሯቸው አንዱ ነው። ወላጅ ማዕዱን ይረከባል፦ ምን፣ ምን ያህልና መቼ እንደሚበላ አንቺና አባቷ ትወስናላችሁ፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራትና በየመካከሉ መክሰስ። እስክትጨርስ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አይደል የሚባለው? ክብደቷ ሲመለስ ውሳኔውን ጥቂት በጥቂት ትመልሱላታላችሁ። ይህ ማለት ግን በግድ ማጉረስ፣ ማስፈራራትና ከእህቷ ጋር ማወዳደር አይደለም። የአባቷ ድምፅ ከአንቺ ከተለየ ደግሞ በመካከላችሁ ትሾልካለች፤ ሌሊት ሲያሽከረክር ቢያድርም ቁርስ ላይ ይገኝ።

ሐኪም ሳያያት ግን እንዳትጀምሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ብዙ ለተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ምግብ መጫን በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት አውርዶ ልብን ሊያውክ ይችላል። የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷንና ደሟን ይመርምሩላት፤ የወር አበባዋ መቅረቱንም ሳታፍሪ ንገሪ። ከወደቀች ወይም ደረቷን ካመማት ቀጠሮ አትጠብቂ፤ እናንተ ካላችሁበት ከአርሊንግተን (ቴክሳስ) ፎርት ወርዝ ያለው የልጆች ሆስፒታል ኩክ ችልድረንስ ይቀርብሻል። ችልድረንስ ሄልዝ የሚባለው ሆስፒታል ደግሞ ፕሌኖ ላይ ለዚሁ ሕመም የተለየ የልጆች ክፍል አለው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ሂዱ። ስለ መሞት ካወራች በ988 ደውይ፤ ነፍሷን ልታጠፋ ከተነሣች በ911።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላልና የንስሐ አባታችሁንም ያዢ። ቀኖናው የታመመን ሰው በጾም አያስገድድም። የሰኔ ጾም ሳይገባ «አንቺ አትጾሚም፣ ብይ» ብለው እሳቸው ራሳቸው ይንገሯት። ካንቺ ስትሰማው ክርክር ይሆናል።

የቀረው የእኛ የዘመዶቿ ምላስ ነው። ሰርግ ላይ ሰላም ብለን ሳንጨርስ «ወፈርሽ!»፣ «ከሳሽ፣ እንዴት አማረብሽ!» እንላለን። አገር ቤት «ወፈርሽ» ምርቃት ነበር፤ እዚህ የተወለደች ልጅ ግን ሳምንት ሙሉ ስታሰላስለው ትከርማለች። ጋርላንድ ላሉት አክስቶቿ እኔ እደውላለሁ፤ ስለ ሰውነቷ ክፉም ደግም እንዳይናገሩ አደርጋለሁ። አንቺ ሰኞ ጠዋት ለሐኪሟ ደውይ።