ወላድን ብቻዋን አትተዉ

ልጆቼ፣ የበኩር ልጄን የወለድኩት በ1968 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ፣ በእናቴ ቤት ነው። በእኛ ወግ ለመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይኬዳልና የመውለጃዬ ወር ሲገባ ባለቤቴ በበቅሎ አድርሶኝ ተመለሰ። ያ ምጥ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። ይህን ስናገር የጤና ባለሙያ ልጆቼ ቅር ይላቸዋል፤ «እርስዎ እንዲህ ካሉማ ሴቶቹ ቤት መቅረታቸው ነው» ይሉኛል። እስክጨርስ ታገሡኝ።

ደስታው የመጣው ከሰው ነው። እናቴ ወገቤን ታሻለች፣ አክስቴ ከኋላ ደግፋኛለች፣ ጎረቤቶች «ማርያም ማርያም» እያሉ ይለምኑልኛል። አዋላጇ በአገሩ የታወቁ ባልቴት ነበሩ። እጃቸውን ታጥበው ጥግ ይዘው ያዩኛል እንጂ አይቸኩሉም። መራመድ ሲያሰኘኝ ከምሰሶው እስከ በሩ እመላለሳለሁ፤ ሲበረታብኝ እንበረከካለሁ። ተኚ ብሎ ያስገደደኝ፣ አትጩሂ ብሎ የተቆጣኝ የለም። ልጁ እንደ ወጣ እቅፌ ውስጥ አስገቡት፤ እትብቱንም የቆረጡት ትርታው ከቆመ በኋላ ነው። ከዚያ እልልታው፣ ገንፎው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የደጅ ድምፅ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ቀን ብዙ የለም።

እነዚያ ሴቶች ያደረጉትን ዛሬ ሕክምናውም ይደግፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አጠገቧ ይሁን፣ ትንቀሳቀስ፣ በሚመቻት አኳኋን ትውለድ ይላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ «እናቴ አብራኝ ትግባ» ብትሉ ማፈር አይገባችሁም።

አሁን ከወሊድ በኋላ ስለሚፈሰው ደም ልንገራችሁ። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀን ጠበቅ ብሎ ካልተኮማተረ ደም ሥሮቹ አይዘጉም፤ ደሙም ይወርዳል። ያን ቀን እንዲህ ሆኖብኝ ቢሆን እነዚያ ደጋግ ሴቶች ከጸሎት በቀር የሚሰጡኝ አልነበራቸውም። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ግን ማህፀኑን የሚያኮማትር ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ አላት። ክፋቱ፣ ደሙ ቀድሞ ምልክት አለመስጠቱ ነው፤ አምስት ልጅ በደህና የተገላገለች እናት በስድስተኛው ልትሄድ ትችላለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት ልክ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። እኔን በጠቀመኝ ቤት ሌላዋ አልቅሳለች፤ የኔን ደስታ ይዛችሁ «ቤት መውለድ ደህና ነው» እንዳትሉ አደራ።

በዚያው ጥናት ከ100 ልደት በጤና ተቋም የነበረው 26 ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ 48 ደረሰ። የቀሩትን ሁሉ አላዋቂ የሚል ሰው ያናድደኛል። ብዙዎቹ የሚፈሩት ብቻቸውን መተኛትን፣ ገላቸው በማያውቁት ሰው ፊት መገለጡን፣ ቁጣን ነው። የመንገዱ ርቀትም አለ። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበትን ማቆያ በ1976 እ.ኤ.አ. ከፍቶ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ማቆያ አለ። ገንፎ የሚገነፋባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ይህን ያሰበ ሰው የሴትን ልብ ያውቃል፤ ይባረክ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አንቺ ነፍሰ ጡር፣ ክትትልሽን አታቋርጪ። ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ደም ካየሽ ምጥ እስኪመጣ አትጠብቂ። አንተ ባል፣ የአምቡላንሱን ሹፌር ስልክ አስቀድመህ ያዝ፤ ዝናብ ከሆነ በየት በኩል እንደምትወጡ ከጎረቤት ጋር ተማከር። አማቶች፣ «እኔ አሥር ወልጄ የለም ወይ» አትበሉ። ደግሞም እንገሩን አታስደፉ፣ ለአራስ ልጅም ቅቤ አታስውጡ፤ የመጀመሪያው የጡት ወተት ለልጁ የበሽታ መከላከያው ነው።

የልጅ ልጄ ብታረግዝ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ እኔም አብሬያት እገባለሁ። አንቺ አዋላጅ ነርስ የሆንሽ ልጄ፣ ሥራሽ እንደሚበዛ፣ ሌሊቱን ቆመሽ እንደምታነጊ አውቃለሁ። እባክሽ ግን እናቷን በር ላይ አታስቀሪያት። መርፌውን አንቺ ስጫት፣ ወገቧን እናቷ ታሽላት።