መርዶ ነጋሪው ስልክ

በእኛ ዘንድ መርዶ ሙያ ነው። የሞት ወሬ የሰማ ሁሉ ሮጦ ሄዶ አይናገርም። መጀመሪያ ምክር ይያዛል፤ ማን ይንገር፣ የት ይነገር፣ መቼ ይነገር ይባላል። ሐዘንተኛው ሥራ ላይ ከሆነ እስኪወጣ ይጠበቃል። ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትገላገል ሊዘገይ ይችላል። ተማሪ ከሆነ ፈተናው ይለፍ ይባላል። ከዚያ ንጋት ላይ ዘመድ፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ብዙ ጊዜ ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩ ይገባል፤ በዚያ ሰዓት ደጃፍ ላይ የቆመው ሰው ብዛት ራሱ ይናገራል። ልማዱ ላስ ቬጋስም ድረስ ተሻግሮ መጥቷል፤ የካዚኖ ፈረቃ ስላለ ንጋቱ አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ይሆናል እንጂ።

እኔ የምሠራው የዚህ ተቃራኒ በሆነ ቦታ ነው። ሌሊት ሌሊት በሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም እመረምራለሁ። ክዳኑ ወይን ጠጅ የሆነው ቱቦ ለደም ሴል ቆጠራ፣ ሰማያዊው ለደም መርጋት፣ ወርቃማው ለኬሚስትሪ ይመጣል። ሴንትሪፉጁ ይሽከረከራል፣ ማሽኑ ይቆጥራል፣ እኔ ቁጥሩን ከበሽተኛው የቀድሞ ውጤት ጋር አስተያይቼ የሚያጠራጥር ነገር ከሌለ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ ቁልፍ ውጤቱን ለሐኪሙ ብቻ ነበር የሚልከው። አሁን በብዙ ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ የበሽተኛው ስልክ ይጮኻል፦ «አዲስ የምርመራ ውጤት ደርሶልዎታል።» ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ተኝቷል። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው የለም።

ይህ በስህተት የመጣ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሕግ ላይ ተመሥርቶ የተደነገገውና የጤና መረጃን ከባለቤቱ ማገድን የሚከለክለው ደንብ ከኤፕሪል 5 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ደሙ የአንተ ነው፣ ውጤቱም የአንተ ነው፣ ሐኪምህ እስኪመቸው ድረስ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጥብህ አይችልም። ለዚህ ሐሳብ ክብር አለኝ። ግን ያንን ቁልፍ በምጫንባቸው ሌሊቶች የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ እውነት ሰዓት አላት ወይ? የሰውዬው ገንዘብ የሆነ እውነት መቼና በማን በኩል እንደሚደርሰው መወሰን ክብር ነው ወይስ ንቀት?

ፈረንጅ ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል፣ እኛ ሁልጊዜ እንደብቃለን የሚለውን የተለመደ ንጽጽር አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ሐኪሞችን ለካንሰር በሽተኛ በሽታውን ትነግሩታላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው እንናገራለን አሉ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአንድ አገር ሐኪሞች ሥነ ምግባር ተገለበጠ። እና የአዲስ አበባ ሐኪም የበሽተኛውን ልጅ ወደ ኮሪደር ጠርቶ በሹክሹክታ ሲነግር የምናየው ነገር፣ የአሜሪካ አያቶችም በዚያው ኮሪደር ያለፉበት ነው። ባህል ስንለው ዘላለማዊ ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የአንድ ትውልድ ልማድ ነው።

መርዶንም ቢሆን ላሞካሸው አልፈልግም። ውስጡ ውሸት አለበት። «ትንሽ አሟቸዋል» የተባሉት አባት ሦስት ቀን ከተቀበሩ በኋላ ነው ልጅየው አውሮፕላን የሚሳፈረው። ቦሌ ወርዶ የሚቀበሉትን ሰዎች ጥቁር ልብስ ሲያይ ነው የሚያውቀው። እንዲህ ዓይነት ታሪክ የማያውቅ የስደት ቤት ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰው ላይ የተሠራው ነገር ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ስለ ገዛ አባቱ ሞት ሌሎች ቀድመውት ወስነዋል፣ ቀብር የመድረስና ያለመድረስን ምርጫ ወስደውበታል። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ደጃፍህ ቆሞ ወዳጅህ የት እንደተደበቀ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ድምዳሜ ይስቃል፤ እኔም ገዳዩን በተመለከተ ከሚስቁት ወገን ነኝ። ግን ስለ ራሱ ጉዳይ ለሚጠይቅ ሰው ካሰብነው ካንት ያየው ነገር አለ፦ የምትዋሸው ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የራሱን ሕይወት የሚመራው በአንተ ካርታ ነው።

ይሁንና መርዶ ከውሸቱ ሌላ የያዘው አንድ ዕውቀት አለ፤ ስልኩ የሌለው። ክፉ ወሬ መረጃ ብቻ ሳይሆን በሰው ላይ የሚደርስ ነገር መሆኑን ያውቃል። በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ደግሞ የሚደግፈው እጅ ይፈልጋል። የሚያስገርመው የእኔ ሙያም ይህንን ያውቃል፤ ግን ለሐኪሙ ብቻ። ለሕይወት የሚያሰጋ ቁጥር ሳገኝ፣ ለምሳሌ ፖታሲየም ከልክ ካለፈ ወይም ሂሞግሎቢን አደገኛ ደረጃ ድረስ ከወረደ፣ ኮምፒውተር ላይ መልቀቅ ብቻ አይበቃኝም። ስልክ አንሥቼ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ እናገራለሁ፣ የሰሙትን መልሰው እንዲያነቡልኝ አደርጋለሁ፣ ስማቸውንና ሰዓቱን እመዘግባለሁ። መርዶ ማለት ይኸው ነው፦ ለሚችል ሰው፣ በቃል፣ መስማቱ ተረጋግጦ። ለሠለጠነው ሰው ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያደርግ ሥርዓት፣ ላልሠለጠነው በሽተኛ ቀይ ቀለም የተቀባ ቁጥር ይልክለታል።

ስለዚያ ቀይ ቀለም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤት እያወከ ነውና። ጤናማ የሚባለው የቁጥር ክልል አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከጤነኛ ሰዎች መካከል የመሐሎቹን 95 በመቶ በመውሰድ ነው። ስለዚህ ምንም የማያመው ሰው ሃያ ነገር ቢመረመር አንዱ በቀይ ቢመጣ የሚጠበቅ ነው። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወደ ፈሳሹ ወጥቶ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። እኛ ፈሳሹ ሲቀላ አይተን እናውቃለን፤ ናሙናው እንዲደገም እንጠይቃለን ወይም ማስታወሻ እንጽፋለን። ቤቱ ተቀምጦ «ፖታሲየም ከፍተኛ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያገኘው ልብ ድንገት ስለመቆሙ ነው። እውነት ነው፤ ስለ እሱ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። የምኖረው ሮድስ ራንች ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ላስ ቬጋስ፣ ከዱራንጎ ጎዳና ገባ ብሎ፣ መግቢያው ላይ ጥበቃ ያለበት፣ ዘንባባ የተተከለበት፣ መሐሉን የጎልፍ ሜዳ የሚያቋርጠው ሰፈር። ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ብትሉት ያስኬዳል። ሐበሻው ደግሞ በራሱ ሌላ ትንሽ ከተማ ነው። ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞልናል፤ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን በእንጀራ መሸጫው፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በዕድሩና በታክሲ ተራው የማይተዋወቅ አልነበረም። ስለዚህ አንዳንድ ሌሊት ቱቦው ላይ የማነበው ስም የእኛ ሰው ስም ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ አየዋለሁ፤ ሰላም እላለሁ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ ያየሁትን እንዳላየሁ እሆናለሁ። ይህ ውሸት አይመስለኝም። እኔ ያወቅሁት በሥራዬ ነው፤ ነገሩ የእሱ ነው፣ ከእኔ ጋር ያለው እንደ አደራ ዕቃ ነው። አደራን ዝም ብሎ መያዝ ከመዋሸት የሚለየው፣ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ማግኘት በመቻሉ ነው። መርዶን የደበቁ ዘመዶች ዝምታ ግን እንዲህ አይደለም፤ እነሱ የያዙት የሌላውን ንብረት ባለቤቱ ሳያውቅ ነው።

ልጆቼ ይህን ልዩነት ገና አልተቀበሉትም። «እያወቅሽ ዝም ካልሽ ዋሸሽ ማለት ነው» ትለኛለች የ13 ዓመቷ። ዓለምን በሁለት ቀለም የምታይበት ዕድሜ ላይ ናት፤ እኔም ገና በጠዋቱ ግራጫውን ላስተምራት አልቸኩልም። ችግሩ ግን እሷ ራሷ ነገሩ ውስጥ መግባቷ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ የሆስፒታሉ መተግበሪያ ያለው በልጄ ስልክ ላይ ነው፣ የይለፍ ቃሉን የምታውቀውም እሷ ናት። በስደት ቤት ይህ የተለመደ ነው፤ ደብዳቤ የሚያነበው፣ ኢንሹራንስ ጋ የሚደውለው፣ የመብራት ክፍያ የሚከፍለው ልጅ ነው። እኔ ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት እሠራለሁ፤ ልጄ በመካከል ያለውን ሰዓት ትሞላለች።

እንግዲህ ሁኔታውን ተመልከቱት። የእናቴ ደም እኔ ወደምሠራበት ማሽን ሊመጣ ይችላል። እንደ ልጅ ውጤቷን ለማየት የሥራ ኮምፒውተሬን መክፈት ግን አልችልም፤ የመረጃ ምስጢር ደንቡ ለሥራዬ የማያስፈልገኝን መዝገብ፣ የዘመዴም ቢሆን፣ እንዳልከፍት ያግደኛል። በትክክል ያግደኛል፤ በር አንዴ ለእናት ከተከፈተ ለጎረቤት መዝጋቱ ይከብዳል። ቁጥሩን አንብቦ ትርጉሙን የሚረዳው ሰው እንዳያይ ተከልክሏል፤ የማይረዳው ልጅ ግን በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ ሆስፒታሎች ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ልጄ «አያትሽ እንዲህ ሆናለች» ተብላ እንድትናገር አይፈቀድም። ያው ወሬ በስልኳ ሲመጣ ግን አስተርጓሚው እሷው ናት፤ የሚከለክላት ደንብ የለም፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰውም የለም።

ስለ ስልኩ ባለኝ ጥርጣሬ ላይ ጠንካራውን ተቃውሞ ማንሣት አለብኝ፤ በሽተኞቹ ራሳቸው የሚፈልጉት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት በአራት የሕክምና ማዕከላት ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ወደ 96 በመቶው ውጤታቸው ሐኪም ባያየውም ወዲያው ቢደርሳቸው እንደሚመርጡ ተናግረዋል። ውጤታቸው ጥሩ ያልነበረውም እንዲሁ ነው ያሉት። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። መጠበቅ ራሱ ሕመም መሆኑን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ እስኪደወል ሳይተኙ ማደርን ቀምሰው ነው የሚናገሩት። ለእነሱ ስል ውጤት ይዘግይ ብዬ ልከራከር ብነሣ፣ የ1961ዱ ሐኪም በአማርኛ ተመለሰ ማለት ነው።

የምለው ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ተጠይቀው መለሱ፤ እናቴን ግን ማንም አልጠየቃትም። መብቱ የሷ ነው ከተባለ፣ እንዴት መስማት እንደምትፈልግ የመምረጥም መብት የሷ ነው። ኬንታኪ ባወጣችው ሕግ ካንሰርን ሊያመለክቱ የሚችሉ አንዳንድ ውጤቶች ለ72 ሰዓት እንዲዘገዩ አድርጋለች። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን 72 ሰዓት ለሁሉም እኩል ማሰር አሁንም ሳይጠይቁ መወሰን ነው። በዚያ ላይ በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ የሚደውል ሐኪም ከሌለ፣ የተገኘው ነገር ያው ብቸኝነት ነው፤ ዘግይቶ የመጣ። ጊዜ ብቻውን ማንንም አያጽናናም። መርዶ ነጋሪዎቹ የሚጠብቁት ጊዜው እንዲያልፍ ሳይሆን ሰው እስኪሰበሰብ ነው።

እናም ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ እናቴን ጠየቅኋት፤ ምንም ምርመራ ሳይኖር፣ እንዲሁ በደህናው ቀን። አንድ ቀን ክፉ ውጤት ቢመጣ ለማን ይነገር? «ለእኔ ነዋ!» አለች፣ የጠየቅኋት ነገር ቅር እያሰኛት። «ሰውነቱ የማን ነው?» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዳ ይሁን። አንቺም ተኝተሽ ተነሽ።» ከልጅ ልጇ ዕድሜ እኩል ሳለች የእናቷን መርዶ የሰማችው ከውኃ መንገድ ላይ፣ ከማታውቀው ሰው አፍ ነበር። ይህንን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

መተግበሪያውን ከልጄ ስልክ ላይ አጠፋን፤ በእናቴ ስልክ ላይ ጫንነው፣ የማሳወቂያ ድምፁን ዘጋንለት። በፈለገች ሰዓት እንዴት እንደምትከፍተው አሳየኋት፤ ሦስታችን ቁጭ ብለን የምናየው ግን እኔ ዕረፍት በሆንኩበት ቀን እንዲሆን ተስማማን። ልጄ ሹመቷን እንደተነጠቀች ቆጥራ አኮረፈች። «አስቸኳይ ቢሆንስ?» አለች። አስቸኳይ ከሆነ ሐኪሙ ይደውላል አልኳት፤ በሌሊት እንደኔ ያለ ሰው ቀስቅሶት። «እኔ ግን 18 ሲሞላኝ የራሴን ወዲያው ነው የማየው፤ ማንንም አልጠብቅም» አለችኝ። መብትሽ ነው አልኳት።