የጠረፉ ሽማግሌ ፈረስ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ቻይናውያንም ረጅሙን ታሪክ በአራት ፊደል አሳጥረው ያስቀምጡታል። አንዱ «የጠረፉ ሽማግሌ ፈረሱ ጠፋው» ሲል፣ ሌላው የቀረውን በልቡ ይፈጽመዋል። በነፋስ ስልክ የሚያልፈውን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የባቡር ሐዲድ የዘረጋው የቻይና ኩባንያ ነውና እነዚህን ሰዎች በሥራቸው አይተናቸዋል፤ ጥበባቸውን ግን ብዙም አልጠየቅንም። ሊቃውንታችን በ16ኛው መቶ ዓመት «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲመልሱ፣ የባዕድ ምክር ነው ብለው አልናቁትም።

ታሪኩ ከጌታ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በተጻፈው «ኋይናንዚ» በሚባለው መጽሐፍ ይገኛል። በጠረፍ የሚኖር የአንድ ሽማግሌ ፈረስ ኮብልሎ ወደ ባዕድ አገር ገባ። ጎረቤቶቹ ሊያጽናኑት ቢመጡ፣ ይህ በረከት እንደማይሆን በምን ይታወቃል አላቸው። ከወራት በኋላ ፈረሱ ሌሎች መልካም ፈረሶች አስከትሎ ተመለሰ። እንኳን ደስ ያለህ ቢሉት፣ ይህስ መከራ እንደማይሆን ማን ያውቃል አለ። ልጁ ሲጋልብ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ፤ አሁንም እንደ ፊተኛው መለሰ። በዓመቱ ጠላት ጠረፉን ወረረ፤ ከዘመቱት ጎልማሶች ከዐሥሩ ዘጠኙ አለቁ፤ ይህ ልጅ ግን አንካሳ በመሆኑ ከአባቱ ጋራ ተረፈ።

ብዙ ሰው ይህን «ለበጎ ነው» ከሚለው ከእኛ ቃል ጋራ አንድ ያደርገዋል። ነገር ግን ሽማግሌው አይታወቅም አለ እንጂ በጎ ይሆናል አላለም። እኛ የሚያውቅ አለ ብለን በእርሱ እንታመናለን፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። በነፋስ ስልክ አንዲት ጎረቤታችን ልጇን በሞት በተነጠቀች ጊዜ፣ ከድንኳኑ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «በጎነቱ ለማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ታሪኩን እንደ ገና ባነበው፣ ሽማግሌው ያን ቃል የተናገረው ስለ ገዛ ፈረሱና ስለ ገዛ ልጁ መሆኑን አስተዋልሁ። ኢዮብም ፈጣሪውን የባረከው በገዛ ልጆቹ ሞት ነው። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ የበደሉት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው። ታዲያ «ለበጎ ነው» ሐሰት ነውን? አይደለም፤ ነገር ግን ባለ ኀዘኑ ራሱ በጊዜው የሚናገረው ነው እንጂ፣ ጎረቤት በሌላው ቁስል ላይ የሚጭነው አይደለም።

በዚያ ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡት የጠረፉ ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም ሊያጽናኑት ይመላለሱ የነበሩት እነዚያው ጎረቤቶች። ሽማግሌው ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ በዚህ በአራተኛው ግን አንድም ቃል እንደ ተናገረ መጽሐፉ አይገልጽም።