ማዕርግና ሙያ

የሰው ድካም በሁለት ሚዛን ይመዘናል። አንደኛው ሚዛን ማዕርግ ነው፤ ይኸውም ሰው ከሰው ተለይቶ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚጠራበት ስም፣ የሚታይበት አደባባይ ነው። ሁለተኛው ሚዛን ሙያ ነው፤ ይኸውም በብዙ ዘመን ድካም በእጅና በልቡና የሚከማች ሀብት ነው። ማዕርግን ሌላ ሰው ይሰጠዋል፤ የሰጠውም ሰው መልሶ ሊነሣው ይችላል። ሙያን ግን ባለቤቱ ራሱ ካላገኘው በቀር የሚሰጠው የለም፤ ካገኘውም በኋላ የሚወስድበት የለም። ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነገሩ የቀና ይሆናል። ጥያቄ የሚነሣው ሲለያዩ ነው። ዕድሜውን በአንድ ሥራ የፈጀ፣ ሥራውንም ከብዙዎች ይልቅ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ከሁለተኛው ደረጃ ሳያልፍ የቀረ ሰው ድካሙ ከንቱ ነውን?

ይህ ጥያቄ በየሥራው ሁሉ አለ። ዳሩ ግን በብዙው ሥራ ማን ምን ያህል እንደ ሠራ በቍጥር ስለማይታወቅ፣ ፍርዱ በወዳጅ ውዳሴና በጠላት ነቀፋ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በቍጥር ከሚጻፍበት፣ ደረጃውም እንደ መሰላል ተለይቶ ከሚታይበት ስፍራ ምሳሌ መፈለግ ይሻላል። እንዲህ ያለው ስፍራ በካናዳና በአሜሪካ የሚደረገው የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ነው።

ይህ ጨዋታ በረጋ በረዶ ላይ የሚደረግ ነው። ከየወገኑ አንዱ ግብ ጠባቂ የሆነ ስድስት ስድስት ሰው፣ ስለታም ብረት የተገጠመበት ጫማ ተጫምቶ፣ ጫፉ የታጠፈ ረጅም በትር ይዞ፣ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራች ክብና ጠፍጣፋ ነገር እየመታ ወደ ባላጋራው ግብ ለማግባት ይሽቀዳደማል። አንባቢ የገናን ጨዋታ ቢያስብ በትሩንና ግፊያውን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የሜዳው ማንሸራተትና የሩጫው ፍጥነት ነው።

የመሰላሉ ራስ በ1917 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሞንትሪያል የተቋቋመው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ነው። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ በዚህ ሊግ የነበሩት ቡድኖች ስድስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሞንትሪያል፣ የቶሮንቶ፣ የቦስተን፣ የኒው ዮርክ፣ የዲትሮይትና የሺካጎ ናቸው። የተጫዋቾቹም ቦታ በጠቅላላው ከመቶ ሃያ እጅግ የሚዘል አልነበረም። ከዚያ በታች በ1936 የተጀመረው የአሜሪካ ሆኪ ሊግና ሌሎችም ታናናሽ ሊጎች ነበሩ። በነዚህ የሚጫወቱትም ደመወዝ የሚቀበሉ፣ እንጀራቸው ይኸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ከከተማ ወደ ከተማ ሌሊቱን በአውቶቡስ ይጓዛሉ፤ በረዶው በሌለበት በሙቀቱ ወራት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ይይዙ ነበር፤ ከላይ የሚጠራቸውንም ድምፅ ይጠብቃሉ።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ዊሊ ማርሻል ነው። በ1931 በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ወርቅ በሚቈፈርባት በኪርክላንድ ሌክ ከተማ ተወለደ። የቶሮንቶ ቡድን በልዩ ልዩ ጊዜ ወደ ላይኛው ሊግ ጠርቶታል፤ በዚያ የተጫወተው ሁሉ ቢደመር 33 ጨዋታ፣ ያገባውም አንድ ግብ ብቻ ነው። በአሜሪካ ሆኪ ሊግ ግን ሃያ ወቅት ተጫወተ። ጨዋታው 1,205፣ ያገባው ግብ 523፣ ባልንጀራው እንዲያገባ ያቀበለው 852፣ ድምሩም 1,375 ነጥብ ሆነ። በ1957–58 ወቅት በፔንሲልቬንያ፣ በቸኮላት ፋብሪካዋ በታወቀችው በሄርሺ ከተማ ቡድን ሳለ 104 ነጥብ አስቈጥሮ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ቡድኑም በ1958ና በ1959 ዋንጫውን አከታትሎ ወሰደ። በዚያ ሊግ ከርሱ የበለጠ ግብ ያገባ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በማዕርግ ሚዛን የሚመዝን ሰው 33ቱን ጨዋታ ይዞ «ይህ ሰው አልቻለም» ይላል። ነገር ግን በ1967 የሆነውን ይመልከት። በዚያ ዓመት ላይኛው ሊግ ስድስት አዳዲስ ቡድኖችን ጨምሮ ዐሥራ ሁለት አደረጋቸው። በሚያዝያ «የታችኛው ሊግ ሰዎች» ይባሉ የነበሩት ብዙዎች በጥቅምት «የላይኛው ሊግ ሰዎች» ተባሉ። በነዚህ ጥቂት ወራት እግራቸው አልፈጠነም፤ እጃቸውም አልቀናም፤ የተለወጠው የወንበሩ ቍጥር ነው። ማርሻል በዚያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበረና በሩ ሲሰፋ የርሱ ጕብዝና ዐልፎ ነበር። እንግዲህ ማዕርግ የሰውን ችሎታ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ሰዎቹ ሳይለወጡ ማዕርጋቸው ስለ ምን ተለወጠ? ማዕርግ የሚናገረው ስለ ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ስለ ወንበሩም ማነስና መብዛት ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ድካም በተስፋ የተታለለ ሰው ድካም ነው» ይል ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ ከላይ መጠራትን ብቻ እያሰበ የሚኖር ሰው የቆመበትን ከተማ ሳያይ ዕድሜው ያልፋል፤ ይህ እውነት ነው። የማርሻል ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ላይኛው ሊግ ከ1959 በኋላ አላሠለፈውም፤ እርሱ ግን ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሦስት ወቅት ጨመረ። እንጀራው ስለ ሆነ ነው ቢባል፣ እንጀራ ሰውን ወደ ሜዳ ያወጣዋል እንጂ 523 ግብ አያስቈጥረውም። ያን ያህል ሌሊት ሥራን በትክክል መሥራት ሥራውን ከሚያከብር ልብ በቀር ከሌላ አይመጣም።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። «ማዕርግ አላፊ ነው፤ ሙያ ይበቃል» የሚለው ቃል በታችኛው ሰው አፍ ጥበብ ሲሆን፣ በላይኛው ሰው አፍ ግን ማታለያ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ተጫዋች አንድ ጊዜ ከፈረመ በኋላ ቡድኑ የወደደውን ያደርገው ነበር፤ በታችኛው ሊግ ቢያቈየው፣ ለሌላ ቢሸጠው፣ ወደ ሩቅ ከተማ ቢያዛውረው ተጫዋቹ የሚመርጠው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ በሁለተኛው ደረጃ መቅረት አንዳንዱን ከችሎታው ማነስ፣ አንዳንዱን ከወንበሩ ማነስ፣ አንዳንዱንም ከሰው አድልዎ የተነሣ ያገኘዋል። ሦስቱን ሳይለዩ «ታገሥ» ማለት ምክር አይደለም።

ለዚህም የማርሻል ሞክሼ የሆነው ዊሊ ኦሪ ምስክር ነው። ኦሪ በ1935 በኒው ብረንዝዊክ በፍሬደሪክተን ከተማ የተወለደ ጥቁር ካናዳዊ ነው። ገና ወጣት ሳለ በ1955–56 ወቅት ላስቲኩ ቀኝ ዐይኑን መታውና ብርሃኑ ፈጽሞ ለመጥፋት ጥቂት ቀረው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ወዲህ አትጫወትም አለው፤ የላይኛው ሊግ ደንብም በአንድ ዐይን የሚያየውን አይቀበልም ነበር። እርሱ ግን ዐይኑን ሸሽጎ ተመለሰ። ጥር 18 ቀን 1958 በሞንትሪያል የቦስተንን ልብስ ለብሶ ሲሰለፍ በዚያ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በዚያ ወቅት ሁለት፣ በ1960–61 ደግሞ 43፣ በጠቅላላው 45 ጨዋታ ተጫወተ፤ ከተመልካችና ከባላጋራ ስለ ቆዳው ቀለም የተሰደበውን ስድብም በኋላ ተናግሮታል። ከዚያ በኋላ የቀረው ዘመኑ አብዛኛው በምዕራቡ ጠረፍ፣ በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ፣ በታናናሾቹ ሊጎች ዐለፈ።

በግራ ክንፍ ሲጫወት ሜዳው ሁሉ በቀኙ፣ በማያየው ዐይኑ በኩል ይውል ነበርና አንገቱን እየጠመዘዘ ነበር የሚያየው። በሎስ አንጀለስ ወደ ቀኝ ክንፍ ሲያዛውሩት የቀረለት ዐይን ወደ ሜዳው ዞረ። በ1964–65ና በ1968–69 በምዕራቡ ሊግ ሁለት ዐይን ያላቸውን ሁሉ በግብ ብዛት ቀደማቸው። ጨዋታውን የተወው በ1979፣ 43 ዓመት ሆኖት ነው።

ዐይኑን መሸሸጉ ይመሰገናልን? ሽሽግ በራሱ አይመሰገንም፤ ደንቡም ያለ ምክንያት አልተሠራም። ይሁን እንጂ ሽሽጉ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም ሙያውን የሚወድ ሰው ማዕርጉን አይመኝም ማለት እንዳልሆነ ነው። ኦሪ ወደ ላይ ለመውጣት የቀረውን ዐይኑን ለአደጋ አሳልፎ ሰጠ። እንዲህ የተመኘውን ወንበር ባጣ ጊዜ ግን ሥራውን አላቀለለም። በሁለተኛው ደረጃ ለመኖር የሚያስፈልገው ጥበብ ምኞትን መግደል ሳይሆን፣ ምኞቱ ሳይፈጸም ሥራን አለማበላሸት ነው።

ክብር ዘግይቶ መጣ። ኦሪ በ2018 በሆኪ የክብር አዳራሽ ስሙ ተጻፈ፤ በ2022 የቦስተን ቡድን 22 ቍጥር ልብሱን ሌላ እንዳይለብሰው ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ይህ ክብር ከሁሉ ይልቅ የሚታሰብለት በዚያች በጥር ሌሊት ነው። ያን ሰው የሠራው ግን አንዱ ሌሊት ሳይሆን፣ ስማቸው በማይነሣ ከተሞች ያለፉት ብዙ ሌሊቶች ናቸው። ማርሻልንም ከ2003–04 ወቅት ጀምሮ የአሜሪካ ሆኪ ሊግ በስሙ በተሰየመ ሽልማት ያስበዋል፤ ሽልማቱም በየዓመቱ ብዙ ግብ ላገባው ይሰጣል። የሚቀበለው ወጣት ግን በሚመጣው ዓመት ከዚያ ሊግ ወጥቶ ወደ ላይ መሄድን ይመኛል። ምኞቱ ነውር አይደለም፤ በእጁ የያዘው ሽልማት ግን ወደ ላይ ሳይወጣ ታላቅ የሆነ ሰው ስም አለበት።

እንግዲህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ እንደ ሰሚው ሦስት ነው። ለሠራተኛው፦ ወንበሩ በእጅህ አይደለም፤ ሙያህ ግን በእጅህ ነው፤ ስለዚህ ራስህን በያዝኸው ነገር መዝን። ለተመልካቹ፦ ሰውን በቆመበት ደረጃ ብቻ አትፍረድ፤ የደረጃው ስፋት ስንት እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ወንበር ለሚያድለው፦ የሌላው ትዕግሥት የርሱ ጽድቅ እንጂ የአንተ አይደለም፤ የታገሠህ ሰው ስላለ ያዳላኸው ነገር ትክክል አይሆንም።

ላይኛው ሊግ በ2021 ቡድኖቹን 32 አድርሷል። ወንበር እንዲህ ቢበዛም ከሚመኙት ቍጥር ጋር የሚተካከልበት ቀን አይመጣም። ስለዚህ ከሚደክሙት የሚበልጡት ዘወትር በሁለተኛው ደረጃ ይኖራሉ። የነርሱ ድካም ከንቱ ከሆነ፣ የዓለም ሥራ አብዛኛው ከንቱ ነው ማለት ነው፤ ይህንንም ሊል የሚደፍር በነርሱ እጅ የተሠራውን ሳይበላና ሳይለብስ ይናገር።