ውለታና ነጻነት

ሰው ለሰው ከሚያደርገው በጎ ነገር ሁሉ በመከራ ሰዓት ፈጥኖ መድረስን የሚያህል የለም። ነገር ግን ከዚሁ በጎ ሥራ የሚወለድ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ውለታ የተዋለለት ሰው በገዛ ቤቱ የማዘዝ መብቱን ከምስጋናው ጋር አብሮ አስረክቧልን? የሚለው ነው። ጥያቄው በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ቢነሣ ሽማግሌ ይፈታዋል። በሁለት መንግሥታት መካከል፣ ይልቁንም አንደኛው እጅግ ትልቅ ሁለተኛው እጅግ ትንሽ በሆነ ጊዜ ግን፣ ሁለቱም የሚያፍሩት ሽማግሌ በቀላሉ ስለማይገኝ ፍርዱ በራሳቸው ኅሊና ላይ ይወድቃል። እኛም ይህን ጥያቄ በሕንድና በማልዲቭ ደሴቶች ምሳሌነት ልንመረምረው አስበናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ የሁለቱን አገሮች መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕንድ ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ታላቅ አገር ናት። ማልዲቭ ግን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ እንደ ተበተነ ዶቃ የተዘሩ 1,200 ያህል ደሴቶች ስትሆን፣ ሰው የሚኖርባቸው 200 ያህሉ ብቻ ናቸው። የብሱ ሁሉ ቢደመር 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝቧም በ2022 በተደረገው ቆጠራ 515 ሺሕ ያህል ነበር። ከእንግሊዝ ጥበቃ ወጥታ ነጻነቷን ያገኘችው ጁላይ 26 ቀን 1965 ነው።

እንዲህ ባሉ አገሮች መካከል ስላለው ግንኙነት የጥንቱ ዓለም የሰጠው መልስ ጨካኝ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ኃያሊቱ አቴና ትንሺቱን የሜሎስን ደሴት እንድትገብር አዘዘቻት። የሜሎስ ሰዎች ነጻነታችንን አንሰጥም ባሉ ጊዜ አቴናውያን ከበቧቸው፤ ከተማይቱም እጇን ስትሰጥ ወንዶቹን ገድለው ሴቶቹንና ልጆቹን ለባርነት ሸጡ። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደሚተርከው የአቴና መልእክተኞች ክርክር ባጭሩ፣ ስለ ፍትሕ የሚነገረው በእኩዮች መካከል ብቻ ነው የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ በ1945 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር መንግሥታት ሁሉ በሉዓላዊነት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ስለዚህም በጠቅላላው ጉባዔ ሕንድ አንድ ድምፅ፣ ማልዲቭም አንድ ድምፅ አላት። ሆኖም ሕግ እኩል ያደረጋቸውን ሀብትና ቁጥር እኩል አያደርጋቸውም። ሕግ ዝም በሚልበት ሥፍራ መናገር ያለበት ግብረ ገብ ነው።

አሁን ወደ ውለታው ታሪክ እንሻገር። ኖቬምበር 3 ቀን 1988 በአንድ የማልዲቭ ተወላጅ የተመሩ 80 ያህል ቅጥር ታጣቂዎች ከስሪላንካ በባሕር መጥተው ዋና ከተማዋን ማሌን ወረሩ። ፕሬዚዳንት ማውሙን አብዱል ጋዩም ተሸሽገው ለልዩ ልዩ መንግሥታት የድረሱልኝ ጥሪ አስተላለፉ። ፈጥና የደረሰችው ሕንድ ነበረች። የራጂቭ ጋንዲ መንግሥት በዚያው ቀን ሌሊት ወታደሮችን ከአግራ በአውሮፕላን አስነሥቶ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው በማልዲቭ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲያርፉ አደረገ። ሴራው በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ከሸፈ፤ ሰዎችን አግተው በመርከብ የሸሹትንም የሕንድ ባሕር ኃይል አሳዶ ያዛቸው።

በዲሴምበር 2014 ደግሞ በማሌ የባሕርን ውሃ ጨዉን እያወጣ ለመጠጥ የሚያዘጋጀው ተቋም በእሳት ተጎዳ። ከ100 ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ በባሕር ተከቦ ሳለ የሚጠጣው ውሃ አጣ። ሌሎችም አገሮች ረድተዋል፤ ሆኖም የሕንድ አውሮፕላኖችና መርከቦች ውሃ ጭነው ወዲያው ደረሱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባላችን በዚህ ተፈጸመ።

የውለታው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕንድ ለማልዲቭ ሁለት ሄሊኮፕተሮችና አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ሰጥታ፣ 80 ያህል ወታደሮቿ እነዚህን እያንቀሳቀሱ ከሩቅ ደሴቶች በሽተኞችን ያመላልሱና ባሕሩን ይቃኙ ነበር። ከማልዲቭ ሕዝብ ብዙዎች ግን የሌላ አገር ወታደር በምድራችን አይቀመጥ አሉ። ይህንኑ አቋም ይዘው በ2023 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ሙይዙ ወታደሮቹ እንዲወጡ ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው፣ ቤትህ ሲቃጠል እሳቱን ያጠፋልህን ሰው ከቤቴ ውጣ ማለት ውለታ ቢስነት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ በመንግሥታት ዘንድ ውለታ የሚባል ነገር የለም፣ ርዳታ ሁሉ ወጥመድ ነው ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ከእውነት የራቁ ይመስሉናል።

የመጀመሪያውን እንመርምር። በ1988 የሕንድ ወታደሮች በሰው አገር መሬት ላይ ሲያርፉ ሥራቸውን ወረራ ሳይሆን ርዳታ ያሰኘው ምን ነበር? ፍጥነታቸው አይደለም፤ ድል ማድረጋቸውም አይደለም። ወራሪም ፈጣንና ድል አድራጊ ሊሆን ይችላል። ርዳታ ያሰኘው የትንሺቱ አገር መንግሥት ኑልን ማለቱ ብቻ ነው። እንግዲህ የትንሹ ቃል በሩን ለመክፈት በቂ ክብደት ካለው፣ በሩን ለመዝጋትም ያው ክብደት ሊኖረው ይገባል። ግባ ሲሉት የሰማ፣ ውጣ ሲሉት ግን ያልሰማ ረዳት ለቀድሞው በጎ ሥራው ምስክር የሆነለትን ቃል በገዛ እጁ ያፈርሳል። ከዚህም በላይ፣ ለመቀመጫ መብት ተብሎ የተሰጠ ስጦታ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ወለዱ ያልተነገረ ብድር ይሆናል።

ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ ትንሹን ከግዴታ ሁሉ ነጻ ያወጣዋል። ይህም ስሕተት ነው። ሕንድ ያደረገችውን ሁሉ ለጽድቅ ብቻ አደረገችው አንልም፤ የራሷ ጥቅም እንዳላት የታወቀ ነው። ነገር ግን የተጠማ ሰው የጠጣው ውሃ፣ ሰጪው ጥቅሙን ስላሰበ ውሃ መሆኑ አይቀርም። ምስጋና መታዘዝ አይደለም፤ የተደረገውን እንደ ተደረገ መመስከር ነው። ስለዚህ ትንሽ አገር እንግዳውን ሲያሰናብት በአክብሮት የማሰናበት ግዴታ አለበት። በጃንዋሪ 2024 ሦስት የማልዲቭ ምክትል ሚኒስትሮች የሕንድን ጠቅላይ ሚኒስትር የሚዘልፍ ቃል በጻፉ ጊዜ መንግሥታቸው ከሥራ ማገዱ ተገቢ ነበር። በአንጻሩም በሕንድ አንዳንድ ሰዎች ወደ ደሴቶቹ ለጉብኝት አንሄድም ብለው ቀሰቀሱ። በእንግዳ ገቢ የሚተዳደር ሕዝብ ስለ ሦስት ሰዎች ምላስ እንዲቀጣ መፈለግ ለትልቅ ሕዝብ የሚመጥን ቍጣ አይደለም።

ምናልባት፣ ትንሹ ጎረቤት ለትልቁ ጠላት መሸሸጊያ ቢሆንስ? የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሕንድ የቻይና መርከቦች በአካባቢው ውቅያኖስ መመላለሳቸውን በጥርጣሬ ትመለከታለች። ትንሽ አገር ከወደደው ጋር የመወዳጀት መብት አለው፤ ምድሩን ግን ለጎረቤቱ መውጊያ አሳልፎ የመስጠት መብት አለው ለማለት ያስቸግራል። ቢሆንም ሥጋት ያለበት ትልቅ አገር ሊጠይቅ፣ ሊያስረዳና ሊያስጠነቅቅ ይችላል እንጂ፣ ፍርሃቱን እንደ ርስት ደብዳቤ ይዞ በሰው ቤት ሊገባ አይችልም። አለዚያማ የአቴና ሕግ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የነገሩ ፍጻሜ ለትምህርት የሚሆን ነው። የሕንድ ወታደሮች እስከ ሜይ 10 ቀን 2024 ድረስ ተጠቃለው ወጡ። በምትካቸውም የጦር ልብስ የማይለብሱ የሕንድ ባለሙያዎች ተተክተው በሽተኞችን የማመላለሱ ሥራ ቀጠለ። በኦክቶበር 2024 ማልዲቭ የውጭ ምንዛሪ አጥሯት በተጨነቀች ጊዜ ሕንድ 400 ሚሊዮን ዶላርና 30 ቢሊዮን ሩፒ የሚደርስ የገንዘብ መለዋወጥ ስምምነት ፈረመችላት። በጁላይ 2025 የደሴቶቹ ነጻነት 60ኛ ዓመት ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ የክብር እንግዳ ሆነው በማሌ ተገኙ። ወታደሩ ወጣ፤ ወዳጅነቱ ግን አልወጣም። እንዲያውም ትልቁ አገር የጠየቀው ሳይሆን ትንሹ የጋበዘው ወዳጅነት ሆነ።

ይህ ነገር የመንግሥታት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤት አለቃ ላስቀጠረው ጸሐፊ፣ መምህር ላስተማረው ተማሪ፣ ታላቅ ወንድም ላሳደገው ታናሽ፣ ሁሉም በየመጠኑ ትልቅ አገር ነው። ብድር በምድር እንደሚባለው ለውለታ ምላሽ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሊጠብቅ የሚገባው ምስጋናን እንጂ መገዛትን አይደለም። የረዳነው ሰው አንድ ቀን አይሆንም ቢለን፣ ርዳታችን ለእርሱ ይሁን ለራሳችን የሚታወቀው በዚያች ቀን ነው።